አርባ ሦስት መስመር

ኩሬሳሬ፦
ኩሬ በስሟ ውስጥ፣ በዙሪያዋ ባሕር፤
ጥር ሲገባ ግን ውሃው ይረጋና ይመስላል ምድር።
እዚያ፣ ከወደቡ ጫፍ፣ ቀለሙ ከተላጠው የእንጨት ቤት
ኡርቬ ወንበር ወረሰች ከአንድ አዛውንት።

ሃይኖ የውሃውን ከፍታ፣ የበረዶውን ውፍረት
ሲለካ ሸብቶ፣ ጡረታ ወጣ በኅዳር ወር፤
ትቶላት የሄደው አንድ ኩባያ፣ አንድ ጥቁር መስኮት፣
በመስኮቱም ጓዳ አንድ ፋይል፦ አርባ ሦስት መስመር።

ተርሚናሉን ስትከፍት፣ በቀትር፣ ኮቷን ገና ሳታወልቅ፣
«በላህ ወይ??» አላት፣ ጠቋሚው ብልጭ ድርግም ሲል።
(በእነሱ ቋንቋ ግሡ ወንድና ሴት ለይቶ አያውቅ፤
የቸገረው የእኔ አማርኛ ነው፤ «ህ» ልበል ወይስ «ሽ» ልበል?)

መልሷን ሳይጠብቅ ደግሞ፣ ባለ አንድ ፊደል ትእዛዝ፦
«ው» ስትል የትናንት ውሃ፣ «ጨ» ስትል የባሕሩ ጨው፣
«ሉሚ» ስትል የሠላሳ ቀን አማካይ፣ ተሥሎ በሰማያዊ መስመር።
«ሉሚ» በቋንቋቸው አመዳይ ነው፤
ትእዛዙ ግን ስለ አመዳይ የሚያውቀው አንዳች የለው።

«ይሄ የሰው ጫማ ነው» አለች፣ «በሰው እግር የሰፋ።»
አርባ ሦስቱንም ወደ ጎን ገፋች።
ቀረ ሦስት የቀስት ጫፍ፣ ባዶ ሜዳ፣ ማንም ያልረገጠው።

ከዚያ ወዲያ ማለዳ ማለዳ
ያንኑ ስድስት መስመር ትጽፋለች፣ የስሌት ጥቅሎቹን በስም እየጠራች፣
አንድ ፊደል በገደፈች ቁጥር ከመነሻው እየጀመረች።
የበረዶው ውፍረት ከነጥብ በኋላ አሥራ አራት ቁጥር ጎትቶ ይመጣል፤
መስኮቱ ሲዘጋ የቀኑን ድካም ይረሳል፤
በነጋታው «ማነሽ አንቺ?» ይላል።

በሦስተኛው ሳምንት ጣቶቿ አመፁ።
ስድስቱን መስመር በማስጀመሪያ ፋይል አሰረች፤
«ይቺን ብቻ» አለች።
አንዲት ፍሬ ቆሎ ቆርጥሞ ያቆመ ማን አለ?

በማግሥቱ ቁጥሩን ቆረጠችው ሁለት ቤት ላይ፤
የሚሊሜትር ሽራፊ ማን ይቆጥራል፣ መኪና በበረዶ መንገድ ሲያልፍ ከላይ?
ቀጥሎ ቀለም፦ ከሃያ ሁለት ሳንቲሜትር ሲሳሳ፣ ቀይ።
ቀጥሎ ትዝታ፦ ወደ ላይ ስትጫን የትናንቱን እንዲያሳይ።
ቀጥሎ አጭር ስም፤ ከዚያም የአጭር አጭር፤
የካቲት ሲያልቅ ቆጠረችው፦ አርባ አንድ መስመር።

የገፋችውን አውጥታ ጎን ለጎን ብትደረድር
እጁና እጇ ተመሳስለዋል፤ የጎደለው
ያ ጥያቄና ያ «ሉሚ» የሚለው።

ደወለች።
«ሉሚማ» አለ ሃይኖ፣ ሳሉን እስኪጨርስ አስጠብቆ፣
«ድመቴ ናት። ክረምት ክረምት ግራ ክንዴ ላይ ትተኛለች፤
ልነሣ ብል ትቧጭራለች።
በላቲን አራት ፊደል ናት፤ አራቱም በቀኝ እጅ ይጻፋል።
ሌላ ምን ምክንያት ይኖረዋል?»

«ጥያቄውስ?»
ዝም አለ። ከጀርባው ሬዲዮ፣ ሳህን ሲነካ ሳህን።
«የሚደውልልኝ ሰው ነበር» አለ፣ «በየቀኑ፣ እኩለ ቀን።»
ከዚያም ድምፁን ጠርጎ፦ «በረዶው ስንት ገባ?»
«ሠላሳ አንድ።»
«ደግ ነው። መኪና ያሳልፋል።»

ድመት የላትም ኡርቬ፤ ግራ እጇ ትርፍ ነው፤
«ሉሚ» ግን ተመለሰች፣ አርባ ሁለተኛ ሆና።
አርባ ሦስተኛውን እንዳለ አኖረችው፣
አንድ ፊደል ሳትነካ፤
ጣቱ ተንቀጥቅጦ የደገመውን የጥያቄ ምልክት እንኳ።

እኔም ግሥ የቸገረኝ በዚህ ተገላገልኩ፤
«ህ»ንም «ሽ»ንም ትቼ «በላችሁ ወይ??» አልኩ።

ቀትር ነው። ነፋስ የበረዶውን ገጽ ይጠርጋል።
መስኮቱ ጠይቆ ዝም ብሏል።
ኡርቬ በቀኝ እጇ ትጽፋለች፤
በግራዋ ዳቦ ይዛለች።